ፀሐይ የምትበላው ቀለም

በሩ ሲንኳኳ ቱዳ እጇ እስከ ክርኗ በቀይ አፈር ተለውሶ ነበር። በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

ደጃፉ ላይ አንድ ረጅም ወጣት ቆሟል። ጀርባው ላይ ሳጥን አዝሏል፤ ትከሻው ላይ ባለ ሦስት እግር የሥዕል መደገፊያ ተሸክሟል። ከመደገፊያው አንዱ እግር ላይ ሰፊ፣ ባለ አበባ የሴት የውስጥ ቀሚስ ተንጠልጥሎ ከባሕሩ በሚመጣው ነፋስ ይውለበለባል።

«ይቅርታ... የልብስ ገመዱን አላየሁትም። ይሄ... የእርስዎ ነው?»

ቱዳ አንዴ ቀሚሱን፣ አንዴ እሱን አየች።

«የአክስቴ ነው።»

«ባንዲራ አደረግኩት አይደል?»

ከጓሮ የአክስቷ የራቁሽ ድምፅ መጣ፤ ሁሉም «ላላ»፣ ማለትም እመቤት፣ ይላታል። «ማነው እሱ? ቀሚሴን ይዞ ወዴት ሊዘምት ነው?»

ቱዳ ሰው ፊት ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ልማዷ ነው። ዛሬ ግን እጇ አፈር ስለነበር ሳቋ ሳይሸፈን አመለጣት። ወጣቱ ሳቁን አየ። ጆሮው ቀላ።

«ቀለም ትሠራለች ያሉኝ... እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አማናር። አማናር ኡሻን።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ኡሻን?» አለች ላላ ራቁሽ ቀሚሷን ልትቀበል እየመጣች። «ወይ ጉድ! በቋንቋችን ቀበሮ ማለት አይደል? ቀበሮ ነው እንዴ የዘርህ ስም? ቱዳ፣ ዶሮዎቹን አስገቢ!»

«የቅድመ አያቴ ስም ነው ላላ። እኛ ከተራራ የመጣን ቀበሮዎች ደግሞ አትክልት ነው የምንበላው።»

«ሁሉም ቀበሮ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

ላላ ራቁሽ ሳቀች። ቱዳ አልሳቀችም። ያንን ስም ታውቀዋለች። በፖስት ካርድ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ታትሞ አንብባዋለች፤ ካነበበችበት ቀን ጀምሮ ከልቧ አልወጣም።

በእኛ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ አለቱ የሴቶች ነው። ቀሚሳቸውን ታፋቸው ድረስ ሰብስበው፣ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ጥቁሩን ዛጎል በብረት ከአለቱ ይፈለቅቃሉ። ይዘፍናሉ፤ ይሰዳደባሉ፤ ባሎቻቸውን ያማሉ። በዚያን ሰዓት በገደሉ አፋፍ የሚያልፍ ወንድ ከሩቅ ይጮኻል፣ ጀርባውንም ይሰጣል። ሳይጮህ የቆመ ወንድ የሰው ቤት ሰብሮ እንደገባ ይቆጠራል።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ወንድ ሳይጮህ ቆመ። ቆሞም ሣለ።

ሥዕሉን አጋዲር ያለ አንድ ሆቴል ገዛው። የሆቴሉ ባለቤት ሲ መዓቲ መጀመሪያ ፖስት ካርድ አሳተመው፤ ከዚያ ለእንግዶቹ የሚሸጠውን በአርጋን ዛፍ ዘይት የተሠራ ሳሙና ጠቀለለበት። መሐል ላይ ፀጉሯን ፈትታ፣ ታፋዋ በውኃ እያብለጨለጨ የምትስቀው ሴት የቱዳ ታላቅ እህት ኢጃ ነበረች። ማንም ሊስታት አይችልም። ሠርጓ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሳሙናው የእጮኛዋ እናት እጅ ገባ።

«ልጄ አገር የታጠበባትን ሴት አያገባም» አለች ሴትዮዋ።

ኢጃ ልብሷን ጠቅልላ ካዛብላንካ ሄደች። ትደውላለች፤ መንደሩን ግን አልረገጠችም። ላላ ራቁሽ ፊደል ስለማትቆጥር የሠዓሊውን ስም ያነበበችው ቱዳ ብቻ ነበረች፤ ለማንም አልተናገረችም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ስትማር፣ ተመልሳ ከአፈርና ከተክል ቀለም መሥራት ስትጀምር፣ ዳርቻውን እየዞሩ የሚሥሉ ሠዓልያን ደጇን ማንኳኳት ሲያበዙ... በሩን በከፈተች ቁጥር አንድ ሰው ነበር የምትጠብቀው።

አሁን መጣ። የአክስቷን ቀሚስ ይዞ።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው የሚፈልጉት?» አለች። ወደ ቀለም መደርደሪያዋ መራችው።

ቀዩን አፈር፣ ቢጫውን፣ ከከሰል የተፈጨውን ጥቁር አሳየችው። እያንዳንዱን በጣቱ አሸት እያደረገ እንደ ሕፃን ተደሰተ።

«እነዚህ ጥሩ ናቸው። ግን ገደሉ ፀሐይ ልትገባ ስትል... ያን ጊዜ የሚሆነውን ቀለም ያውቁታል? ከከተማ የገዛሁት ሁሉ ውሸታም ነው። ለትልቅ ሥዕል ነው የምፈልገው። በጣም ለትልቅ።»

መደርደሪያው ጥግ ላይ አንድ ማሰሮ ነበር። የቁልቋል በለስ ፍሬ ጭማቂ ከነጭ ሸክላ ጋር ተዋሕዶ የደረቀበት፣ ዓይን የሚነጥቅ ሮዝ። የመንደሩ ልጃገረዶች ለሠርግ ጨርቅ ይነክሩበታል፤ እንዲቆይ ለሚፈለግ ነገር ግን ማንም አይነካውም፤ ፀሐይ ትበላዋለችና። «የበለስ ቀለም እስከ ሠርጉ ማግስት» ይባላል። ይህን የእኛ ዳርቻ ሕፃን ያውቀዋል። የተራራ ሰው አያውቀውም።

ቱዳ ማሰሮውን አውርዳ ከፈተችው።

«ይሄ... ይሄ የት ነበር?!» አለ አማናር።

«እዚሁ።»

«ይቆያል?»

«እርስዎ እዚህ እስካሉ ይቆያል።»

ጨዋነት መሰለው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት። ቱዳም ጎንበስ ብላ ክዳኑን ገጠመች፤ ፈገግታዋን እንዳያይባት።

*

«ገደሎቹን እኔ ላሳይዎት እችላለሁ» ስትለው ላላ ራቁሽ የያዘችውን ጣለች። ቱዳ ቀለም ሸጣ ወዲያው ጓዳ የምትገባ ልጅ ናት።

«አንቺ?» አለች አክስቷ።

«መንገዱ አደገኛ ነው፤ ይወድቃል።»

«ይውደቃ! ምን ቤትሽ ነው?» ከዚያ ግን አህያዋን ጫነች። «እሺ፤ እኔም እሄዳለሁ። ቀበሮና ዶሮ ብቻቸውን መንገድ አይወጡም።»

ቱዳ የሄደችው ልታየው ነበር። በገዛ እጁ፣ ምርጥ ብሎ የሠራውን ሁሉ በዚያ ሮዝ ሲቀባ ማየት ፈለገች። ኢጃ ከእጇ የወጣውን ሕይወት ቆማ እንዳየች፣ እሱም አንድ ቀን ሥዕሉ ዓይኑ እያየ አመድ ይሆንበታል። ለዚያ ቀን ነበር የምትራመደው።

የመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ወደ አፋፉ ገና ሳይቀርቡ አማናር ቆመ። ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

«ወንድ ነኝ! ዞሬያለሁ! አላይም!»

ከታች ከአለቶቹ መሐል ሳቅ ፈነዳ።

«ማነህ አንተ የምትንቀጠቀጠው?»

«ሠዓሊ ነኝ!»

«ከነሥዕልህ ገደል ግባ!» አለች ታሙ የምትባለው፤ በምላሷ አገር ያወቃት ናት። «ዞሬያለሁ ነው ያልከው? ከኋላ ደግሞ ምን ትመስላለህ? ላላ ራቁሽ፣ ጀርባው እንዴት ነው?»

«ቀጭን ነው! አህያ ይመስክር!» አለች ላላ ራቁሽ።

ባሕሩ እስኪመለስ እዚያው ዞሮ ቆሞ ቀረ። ነፋሱ ሲገፋው እንኳ አልዞረም። ቱዳ ግራ ገባት።

«ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«አንዲት ሴት።»

«እንዴት?»

«በመዳፏ።» ጉንጩን ዳበሰ። «ጥሩ አስተማሪ ነበረች። ሌላውን ግን እንዳልናገር አስምላኛለች።»

ሌላ መንደር፣ ሌላ ገደል፣ ሌላ ሴት አለች ማለት ነው ብላ አሰበች። ልቧ ይበልጥ ጠጠረ። ስንቱን ሣለ ይሄ ሰው?

ባሕሩ ሲመለስ ሸራውን ወጠረ። ትልቅ ነበር፤ ከቱዳ ቁመት ይበልጣል። ነፋሱ ደጋግሞ ሊጥለው ሲል መደገፊያው ተንቋቋ።

«ይዤልዎት ልቁም?»

«ይደክምዎታል።»

«አይደክመኝም።»

ከሸራው በስተጀርባ ቆማ በጀርባዋ ደገፈችው። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፤ በመሐላቸው አንድ ጨርቅ። ብሩሹ ሲመታ በትከሻዋ፣ በወገቧ፣ በጀርባዋ አጥንት ላይ ይሰማታል። ሰማዩን ሲቀባ አንገቷ ሥር ነዘራት። ገደሉን ሲቀባ ጎኗ ሞቀ። ማንም ሳይነካት እንዲህ ተነክታ አታውቅም ነበር።

«አሁን ሮዙን ልጀምር ነው» አለ ከወዲያ።

«ይጀምሩ» አለች። በልቧ ደግሞ፣ ጨምር። ጨምር።

እንዲህ ሆነው ከገደል ገደል ዞሩ። ጠዋት ጉም ሲውጣቸው ቁጭ ብለው ዳቦ በአምሉ፣ በማር በተለወሰ የለውዝ ቅባት፣ ይበላሉ። ላላ ራቁሽ ትተርካለች፤ ተርካ ታንቀላፋለች። አማናር ስለ ተራራው ይነግራታል፤ ስለ ለውዝ አበባ፣ ስለ አባቱ፣ «ሠዓሊ ከምትሆን በግ ስረቅ» ስላለው ነገር። ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ይጠብቃል። ቱዳ ቶሎ የማትናገር ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ ዓረፍተ ነገሯን ይጨርስላታል። እሱ አይጨርስላትም።

«ለምንድን ነው ዝም የሚሉት?» አለችው አንድ ቀን።

«እየተናገርሽ እኮ ነው... ይቅርታ፣ እየተናገሩ።»

«አንቺ በለኝ» አለች። ሳታስበው ነው የወጣት።

ብሩሹ ቆመ። «አንቺ» አለ ቀስ ብሎ። ቃሏን ገና ዛሬ የሰማት ይመስል።

ቱዳ ቤቷ ስትገባ ከግድግዳው ስንጥቅ ያቺን የሳሙና መጠቅለያ አውጥታ የእህቷን ፊት እስኪበቃት አየች። እንዳትረሳ። ፍቅር ቢሆንም ይሁን አለች። እንደውም ይሁን። የወደደ ሰው ነው በደንብ የሚጎዳው።

*

ሥዕሉ ያለቀ ዕለት ላላ ራቁሽ እግሯ አብጦ አህያዋን ይዛ ከፍ ብላ ከአርጋኑ ዛፍ ጥላ ቀርታ ነበር። ታያቸዋለች፤ አትሰማቸውም።

ቱዳ ከሸራው ኋላ ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት አየችው። ገደሉ ይነድ ነበር። ውኃው፣ ሰማዩ፣ የአለቱ ጠርዝ ሁሉ በዚያ ሮዝ ተነክቶ በራ። አንድም ሰው የለበትም። ቦታው ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር ገድላ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ቢሆንም አልተጸጸተችም።

«ቱዳ... ላላ ራቁሽን ልጠይቃት ነው። ስላንቺ።»

ቱዳ ወደ ዛፉ ጥላ ዞራ አክስቷን አየች።

«ከዚያ በፊት ግን የምነግርሽ አለኝ። ሰምተሽ ካባረርሽኝ እሄዳለሁ።» ብሩሹን አስቀመጠ። «የሳሙናውን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«...ምን?»

«ቀሚሱን ይዘህ በሬ ላይ ከቆምክበት ጀምሮ አውቃለሁ።»

አማናር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ያኔ ለምን ዝም አልክ? አፋፉ ላይ ቆመህ ለምን አልጮህክም?»

«እኛ ተራራ ላይ ምንጭ ዳር ሴቶች ካሉ ወንድ ድምፁን አያሰማም። መጮህ ነውር ነው። ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ዝምታዬ ክብር መስሎኝ ነበር።»

«ዝም ብሎ ያልፋል አልክ። አንተ አላለፍክም! ተቀመጥክ። ሣልክ። ሸጥክ!»

ድምፅዋ ገደሉ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። በሕይወቷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ላላ ራቁሽ ከጥላዋ ብድግ አለች።

«አዎ» አለ አማናር። «ዝምታውን ላስረዳሽ እችላለሁ። መሣሌን አልችልም። ቆንጆ ነበር፤ እጄን ያዘኝ። ከዚያ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ባሕሩ ከታች ይገማሸራል። እሱ ቀጠለ።

«መሐል ላይ ያለችው ሴት ባለፈው ክረምት ካዛብላንካ ሥዕሎቼን ያቀረብኩበት አዳራሽ መጣች። ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ አጮለችኝ። ስሟን መንደሩ ውስጥ እንዳልጠራ አስምላኛለች፤ ‹ወንድ ላከች ይሉኛል› ብላ። እዚህ ግን መንደር አይደለም። ኢጃ ትባላለች።»

ቱዳ መደገፊያውን ያዘች። «ምን አለችህ?»

«‹አውርደው› አለችኝ። ‹ይቅርታህን ጠጣው፤ ሥዕሉን አውርደው።› ሲ መዓቲ ጋ ሄጄ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹ከዚህ የሚበልጥ ካመጣህ ያኛውን ውሰድ፤ ሳሙናውም በአዲሱ ይታተማል። አዲሱ አዳራሽ እስኪመረቅ ካላመጣህ ግን ሴቶቹን ቤት አሳክዬ መንገድ ዳር እሰቅላቸዋለሁ› አለኝ። ምርቃቱ ዓርብ ነው።» ወደ ሥዕሉ አመለከተ። «ይሄ ለእሷ ነው። የሠራሁት ሁሉ ለእሷ ነው።»

ቱዳ ሥዕሉን አየች። የሚነደውን ገደል። የእህቷን መድኃኒት።

«ኢጃ እህቴ ናት» አለች።

አማናር ጥፊው ያረፈበትን ጉንጩን ዳበሰ።

«ሮዙ ደግሞ የበለስ ነው። ፀሐይ ትበላዋለች። በጋው ሳያልቅ አመድ ይሆናል።» ቃሎቹን አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ አስቀመጠችለት። «እያወቅኩ ነው የሰጠሁህ።»

ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ሄደ። በጥፍሩ ከገደሉ ጠርዝ ትንሽ ፋቀ፤ ከሰማዩም፤ ከውኃውም።

«ሁሉም ውስጥ አለ» አለ።

«ሁሉም ውስጥ አለ።»

«ከኋላው ቆመሽ... በጀርባሽ ደግፈሽ...» ዞሮ አያት። «ያ ሁሉስ? እሱም ከበለስ ነው?»

የምትለው ሁሉ ውሸት ይመስላል፤ ዝም ካለች ደግሞ እውነት ይሆንባታል። እሱ እንደ ልማዱ ጠበቀ። ሳይሰማ ሲቀር ሳጥኑን አነሳ።

«ለኢጃ መንገር አለብኝ» አለ። «ደህና ይሁኑ፣ ላላ ቱዳ።»

ይሁኑ አላት። ከጥፊ የባሰ ነበር።

*

ጥሎት የሄደውን ሥዕል በአህያዋ ጭነው ቤት አመጡት። ቱዳ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ላላ ራቁሽ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እሷን እያየች «በሉ እንግዲህ፤ የተማረ ሲጣላ እንዲህ ነው፤ ገበሬ ቢሆን ተፈናክቶ ይታረቅ ነበር» ትላለች።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ታክሲ አቧራ እያስነሣች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ አማናር ወረደ። ከኋላው ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ወረደች።

«ኢጃ!»

ላላ ራቁሽ እልል ልትል አፏን ከፍታ ልቅሶ ወጣት። ቱዳ እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አበላሸሁብሽ» አለች እያለቀሰች። «አበላሸሁብሽ ኢጃ...»

«ቆይ፣ ቆይ፣ አታልቅሺ። በመንገድ ላይ ነግሮኛል፤ የነገረኝም እንደ ሞተ ሰው ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን አሳዩኝ።»

ኢጃ መነጽሯን አውልቃ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሏቸው ቀረቡ። እየሳቀች ነበር።

«አንተ ቀበሮ፣ የሲ መዓቲ አዲሱ አዳራሽ ፀሐይ ይገባዋል?»

«ግድግዳው ሙሉ መስታወት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ።»

«እሰይ!» አለች ኢጃ። «እሰይ የኔ እህት! ታናሼ ዝምተኛ ናት ሲሉ ይገርመኝ ነበር፤ እባብ ነሽ እንጂ! ይስቀለው። በሙዚቃ፣ በጭብጨባ ይስቀለው። እኔ ለማኝ አይደለሁም፤ ያኛውን በጠበቃ ፊት አስፈርሜ ከነማሳተም መብቱ እወስዳለሁ። የእሱ ደግሞ በየቀኑ እንግዶቹ እያዩ ይክሰል። እኔ ስከስል ማን አየኝ?»

ቱዳ ዓይኗን ጨፈነች። ደስታው እንደ ጨው ውኃ ጉሮሮዋን አቃጠለው። ከዚያ አማናርን አየች።

«ስሙ ይጻፍበታል እኮ» አለች። «ሲ መዓቲ ያልተፈረመበት ሥዕል አይቀበልም። ሲከስል አገር የሚስቀው በሠዓሊው ነው። ከዚያ በኋላ ማን ሥዕል ያዘዋል?»

ኢጃ ሳቋን አቆመች። «እውነት ነው። ይሄ ያንተ ነው፣ ወንድሜ። እምቢ ብትል አልፈርድብህም። ጥፊውን አስቀድሜ ሰጥቼሃለሁ።»

አማናር ብሩሽ አወጣ። ጥቁሩን ከዘይት ጋር ደባለቀ።

«አማናር» አለች ቱዳ። «ያን ቀን የጠየቅከኝ... ዝም ያልኩት መልስ ጠፍቶኝ አልነበረም። አታምነኝም ብዬ ነው። በቀሉ እውነት ነበር። አንተም እውነት ነበርክ። ሁለቱን በአንድ ጀርባ ነው የተሸከምኩት።»

አላያትም። ጎንበስ ብሎ ስሙን በትልቁ፣ ከበሩ ማዶ በሚነበብ ፊደል ጻፈ።

«ደግፊልኝ» አለ ከዚያ። «እንዳይወድቅ።»

ደግፊልኝ። ቱዳ ሮጣ ሸራውን ያዘች።

*

ዓርብ አዲሱ አዳራሽ ውስጥ ሲ መዓቲ እጁን ከሆዱ ላይ አጣምሮ አዲሱ ሥዕል ፊት ወዲያና ወዲህ አለ።

«ይሄ ነው ሥራ! ይሄ ነው! የሴቶቹማ ተሰለቸ፤ እንግዶቼም ዓሣ ዓሣ ይሸታል ይሉኛል።» ወደ ኢጃ ዞረ፤ አላወቃትም። «እርስዎ ደግሞ ለዚያ አሮጌ ሥዕል ጠበቃ ድረስ? ዘመድዎ አለበት እንዴ?»

«አለበት» አለች ኢጃ፤ ብዕሩን አቀበለችው።

ፈረመ። ከዚያ ቱዳን በጣቱ ጠራት። «ቀለም ሠሪዋ አንቺ ነሽ አሉ። ይሄ ሮዝ ምን ይወዳል? መጋረጃ ላድርግለት?»

ቱዳ እንደ ልማዷ መሬት መሬት አየች። «ኧረ አያድርጉ፣ ሲ መዓቲ። ፀሐይ ነው የሚያምርበት።»

ላላ ራቁሽ ሳቋን ለመሸፈን ሳለች።

በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ ኢጃ የድሮውን ሥዕል ተሸክማ ወደ አለቶቹ ወረደች። ሴቶቹ ከበቧት። ብዙዎቹ ራሳቸውን ከሳሙና ላይ እንጂ በቁመታቸው አይተው አያውቁም።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለች ታሙ። «ቂጤ እንዲህ ነው? ታዲያ ባሌ ምን ጎደለብኝ ብሎ ነው የሚነጫነጨው?»

ሳቁ እንደ ድሮው ፈነዳ። ኢጃ ግን አልሳቀችም። የዛጎል መፈልቀቂያ ብረቷን ከመቀነቷ መዘዘች። ሸራውን አለት ላይ አስተኝታ የራሷን ፊት ፋቀች። ፀጉሯን። ታፋዋን። ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ጨርሳ ብረቱን ለታሙ ሰጠቻት። ታሙ ለቀጣይዋ። በመጨረሻ አለቱና ባሕሩ ብቻ ቀሩ፤ ሴቶች በነበሩበት ደግሞ ሻካራ ነጭ ሸራ።

አማናር ከላይ አፋፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። የብረቱ ድምፅ እስከ እሱ ይደርሳል። ቱዳ ስትወጣ ፊቱ ረጥቧል።

«ጨረሱ?»

«ጨረሱ።»

«ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። አላባበለችውም። አጠገቡ ቆመች፤ እሱ ወደ ተራራው፣ እሷ ወደ ባሕሩ ዞረው፣ ትከሻ ለትከሻ። ከዚያ እጁን ያዘችው።

ሲ መዓቲ በሚያዝያ ደወለ። «ገደሉ ሞቷል! ሰማዩ ሞቷል! የጀርመን እንግዶቼ የሬሳ ሥዕል ነው ወይ ይሉኛል!» ብሎ ጮኸ። ስልኩን የያዘችው ላላ ራቁሽ ነበረች። «ነፍስ ይማር» ብላ ዘጋችው። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ ሆቴሉ መሳቂያ ሆነ። አማናርም ሥራ አጣ። የአጋዲር ሰው ለረጅም ጊዜ ሥዕል አላዘዘውም። እጮኛ የነበረው ሰውዬ እናቱን አስከትሎ ኢጃን ሊጠይቅ መጣ፤ ኢጃ ሻይ አቅርባ፣ ሻዩን ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠብቃ፣ በሩን አሳየቻቸው።

ቱዳና አማናር ተጋብተው አሁን ዳርቻውን አብረው ነው የሚዞሩት። እሱ ይሥላል፣ እሷ ከኋላ ትደግፋለች። ባለፈው ሳምንት ነፋሱ በርትቶ ሳለ ከሸራው ወዲያ ማዶ ጠየቃት።

«ቱዳ፣ ያ ሥዕል ኢጃን ለማዳን ባይሆን ኖሮ፣ ስለ ሮዙ ትነግሪኝ ነበር?»

ጊዜዋን ወሰደች። እሱም ጠበቀ።

«አልነግርህም ነበር።»

«ታገቢኝ ነበር?»

«አገባህ ነበር። ሲከስልብህ ደግሞ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አብሬህ አይ ነበር።»

ከሸራው ጎን አንገቱን አውጥቶ አያት። እውነቷን ነው። ሳቀ፤ አጎንብሶ ግንባሯን ሳማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቀለሙን ራሱ ነው የሚፈጨው።